ያውቁ ኖሯል? በር፣ ካርቶንና ፍሪጅ ላይ የተጀመረ ሠዓሊነት

ከአቃቂ ተነሥቶ በቃሊቲ አድርጎ መሀል ከተማ የሚገባ ሰው ዓይኑ ሥራ አይፈታም። ከጅቡቲ መስመር በመጣው ተሳቢ ጭቃ መከላከያ፣ በሚኒባሱ የኋላ መስታወት፣ በጋራዡ የቆርቆሮ አጥር ላይ የሚነበብ አይጠፋም። አንዳንዱ ምክር ነው፣ አንዳንዱ ፉከራ፣ አንዳንዱ ደግሞ ማንን ለመንካት እንደተጻፈ ከጸሐፊው በቀር ማንም የማያውቀው። የዛሬው ዓምዳችን እንዲህ ባለ ጽሑፍ ጀምሮ በ21 ዓመቱ የአሜሪካና የአውሮፓ ጋለሪዎች ስለተሻሙበት ወጣት ነው፤ ስለ ዣን-ሚሼል ባስኪያ፣ በተለይም ስለ መጀመሪያዎቹ ሥዕሎቹ። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ባስኪያ በቀለም ከመታወቁ በፊት የታወቀው በቃል ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ማንሃተን ውስጥ አብሮት ይማር ከነበረው ከአል ዲያዝ ጋር ሆኖ «ሳሞ» የሚል የብዕር ስም ፈጠረ። በ1978 ይህ ስም በሶሆና በታችኛው ምሥራቅ ማንሃተን ግድግዳዎች ላይ በሽ በሽ ሆነ። ያኔ የኒው ዮርክ ግራፊቲ ማለት ፉርጎውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞላ ባለ ቀለም የስም ጌጥ ነበር። ሳሞ ግን ሥዕልም ጌጥም አልነበረውም። በስፕሬይ የተጻፈች አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ከጎኗ የባለቤትነት መብት ምልክት፣ በቃ። አንዷ ሃይማኖትን፣ ሌላዋ የሀብታም ልጆችን፣ ሌላዋ ራሱን የሥዕል ገበያውን ትጎነትላለች። የእኛ የታክሲ ጥቅስ የሥጋ ዘመድ ናት ብንል አናጋንንም።

የቦታ አመራረጡን ልብ ይበሉ። ሶሆ ያኔ የጋለሪዎች ሰፈር ነበር። ልጁ የጻፈው እግረ መንገዱን ለሚያልፈው ሁሉ ሳይሆን ሥዕል ለሚገዛውና ለሚሸጠው ሰው ነበር ማለት ነው። ደብዳቤውን ከማን ደጃፍ እንደሚጥል ያውቅ ነበር።

የሳሞ ማንነት ለከተማው እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየና በታኅሣሥ 1978 «ቪሌጅ ቮይስ» የተባለው ጋዜጣ ምስጢሩን አወጣው። ምስጢሩን የሸጡት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፤ ዋጋው 100 ዶላር። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ተቀያየሙና ግድግዳው ላይ «ሳሞ ሞቷል» የሚል መርዶ ተጻፈ።

እዚያ ሳሞ በሚጽፍበት ሰሞን የአዲስ አበባ ግድግዳም ባዶ አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወጣቶች በሌሊት መፈክር ይጽፋሉ፤ ሲነጋ ቀበሌ ያስጠፋል። በዚህ የተያዘ ልጅ የሚጠብቀው ነገር ደግሞ ለአንባቢ የሚነገር አይደለም። ኒው ዮርክም ቢሆን ነገሩ ሁልጊዜ በገንዘብ ቅጣት አላለቀም። በመስከረም 1983 ማይክል ስቱዋርት የተባለ ጥቁር ወጣት ምድር ለምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ግድግዳ ላይ ጻፍክ ተብሎ በፖሊስ ተያዘ፤ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተ። ባስኪያ ሁለት ፖሊሶች መሀላቸው ያለን ጥቁር ጥላ በዱላ ሲደበድቡ የሚያሳይ ሥዕል ሠራ። የሠራው ሸራ ላይ አልነበረም፤ የጓደኛው የኪት ሄሪንግ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ ነበር። ሄሪንግ ያን ቤት ሲለቅ ሥዕሉን ከነግድግዳው ቆርጦ ይዞት ወጣ።

«ከጎዳና የተገኘ ተአምር» የሚለው ወሬስ? ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ለገበያ የተቀባ ነው። አባቱ ዤራር ባስኪያ ከሄይቲ የመጣ የሂሳብ ባለሙያ ነበር። እናቱ ማቲልዴ ከፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ ብሩክሊን ውስጥ የተወለደች ሴት ናት። ልጁ ታኅሣሥ 22 ቀን 1960 ተወለደ፤ እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሙዚየም ለሙዚየም ታዞረው ጀመር፤ በስድስት ዓመቱ የብሩክሊን ሙዚየም የሕፃናት አባል ሆነ። አሥራ አንድ ሲሞላው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ያነብ ነበር። ጎዳና የወጣው ሌላ ምርጫ አጥቶ ሳይሆን በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ፣ ከአባቱም ተጣልቶ ነው። ከዚያ በኋላ በየጓደኛው ወለል ላይ ማደሩ፣ መራቡ እውነት ነው። ግን ስፕሬዩን ከማንሣቱ በፊት ፒካሶን ያውቀው ነበር። ይህን የሚያስቀር ማንኛውም የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ፣ በእኔ ሚዛን፣ ልጁን ያሳንሰዋል።

ያውቁ ኖሯል? በሥዕሎቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው አጥንትና የሆድ ዕቃ ከመኪና አደጋ የመጣ ነው። በ1968፣ በሰባት ዓመቱ፣ መንገድ ላይ ሲጫወት መኪና ገጨው። ክንዱ ተሰበረ፣ ጣፊያው በቀዶ ጥገና ወጣ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እናቱ ጊዜ ማሳለፊያ እንዲሆነው ያመጣችለት የተረት መጽሐፍ አልነበረም፤ ሐኪሞች የሚማሩበት «ግሬይስ አናቶሚ» ነበር። በ1979 ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመውን የሙዚቃ ቡድንም «ግሬይ» ብለው ጠሩት።

ይህ መጽሐፍ ምን እንዳደረገው ለማየት የ1981ዋን የራስ ቅል ሥዕል ማየት ይበቃል፤ ዛሬ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው «ዘ ብሮድ» ሙዚየም ውስጥ ናት። ሸራውን የሞላው አንድ ራስ ነው። ግማሹ ቆዳ ለብሷል፣ ግማሹ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል። ጥርሶቹ ተደርድረዋል፤ ግንባሩንና ጉንጩን ሐኪም በጥድፊያ የሰፋቸው የሚመስሉ አጫጭር ጥቁር መስመሮች ይዘውታል። ቢጫው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው ቤት ቤት ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ዓይኖቹ አቀርቅረዋል። የራስ ቅል ይባል እንጂ የሞተ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ባስኪያ በፍጥነቱ የታወቀ ነበር፤ ይህችን ሥዕል ግን ጀምሮ ለወራት ሳይነካት አስቀምጧታል። ምክንያቱን አልተናገረም።

በርና ፍሪጅ ወደሚለው እንምጣ። በ1979 እና በ1980 ባስኪያ ምሥራቅ 12ኛ ጎዳና ላይ በአንዲት የሥነ ሕይወት ተማሪ ጓደኛው አፓርታማ ይኖር ነበር። ሸራ መግዣ ስላልነበረው ያገኘው ሁሉ ላይ ሣለ፤ የቤቱ ግድግዳ፣ በር፣ ፍሪጅ፣ ልብስ፣ ከመንገድ የተለቀመ የመስኮት ፍሬም፣ የፍራሽ ስፖንጅ ሁሉ ላይ። ኒው ዮርክ በ1975 ለኪሳራ አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር፤ የፈረሰ ሕንፃና የተጣለ ዕቃ በየማዕዘኑ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ ይህ አይሠራም። ለከተማው የበርና የመስኮት ብረት የሚያመርተው ፋብሪካ ቃሊቲ ቢሆንም አቃቂ ውስጥ ማለዳ ደጅ ላይ የተጣለ በር የሚያገኝ ሠዓሊ የለም፤ ቆራሌው ይቀድመዋል። የ12ኛው ጎዳና ጓደኛው ግን ሁሉንም አስቀመጠችው። በ2017 ዴንቨር ውስጥ ያ ሁሉ ዕቃ በአንድ ዐውደ ርዕይ ለሕዝብ ታየ።

አንዳንዶች በኋላ ዘመን በርና የተሰበረ እንጨት ላይ መሣሉን እንደ ፍልስፍና ያዩታል። መጀመሪያ ላይ ድህነት ነበር። ከበለጸገ በኋላ በ1982 ረዳቱ ሆን ብሎ የተንጋደደ፣ ጥጉ ያፈጠጠ የእንጨት ፍሬም ይሠራለት የጀመረው ያ መልክ ስለተወደደለት ነው።

ከዝነኛው ሠዓሊ ከአንዲ ዋርሆል ጋር የተዋወቀው በጋለሪ ውስጥ አይደለም፤ ሶሆ ምግብ ቤት ውስጥ በ1979 ገብቶ በእጅ የሠራውን ፖስት ካርድ ሸጦለት ነው። ከዋርሆል ጋር ተቀምጦ የነበረው ታዋቂ የሥነ ጥበብ ባለሥልጣን ልጁ ገና ነው ብሎ አሳለፈው። በጥቅምት 1982 ደግሞ ባስኪያና ዋርሆል በወግ ምሳ በሉ። ባስኪያ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሁለቱን ራስ ጎን ለጎን የሣለበት ሸራ ቀለሙ ሳይደርቅ ዋርሆል ደጃፍ ደረሰ። ርዕሱ በስፓኒሽ «ሁለት ራሶች» ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከመጀመሪያዎቹ የሸራ ሥዕሎቹ አንዷ የተሸጠችው በ200 ዶላር ነው። ከ1980 መጨረሻ እስከ 1981 መጀመሪያ ባስኪያ ራሱን መሰል ሠዓሊ ሆኖ የሚተውንበት ፊልም ይቀረጽ ነበር። ማደሪያ ስላልነበረው የፊልሙ ቢሮ ውስጥ ያድራል፤ ሸራና ቀለም የሚገዛለትም ፊልሙ ነው። እዚያ ከሣላቸው መካከል «ካዲላክ ሙን» የምትባለውን «ብሎንዲ» የተባለው ባንድ ድምፃዊት ዴቢ ሃሪ ገዛቻት። ሥዕሏ ላይ ሕፃን የሣላቸው የሚመስሉ መኪናዎች፣ ቴሌቪዥኖች፣ አውሮፕላንና ሰንሰለት፣ ተደጋግሞ የተጻፈ «ኤ» ፊደል ይታያል። ዋናው ነገር ግን ከግርጌ ነው። «ሳሞ» የሚለው ስም ተጽፎ በመስመር ተሰርዟል፤ ከእሱ ወዲያ «አሮን»፤ ከዚያ ሙሉ ስሙ፣ ዣን-ሚሼል ባስኪያ። የግድግዳው ጸሐፊ ሄዶ ሠዓሊው የመጣበት ቀን እንዲህ በአንድ መስመር ተመዝግቦ ማግኘት ለታሪክ ጸሐፊ ሎተሪ ነው።

ፊልሙ ራሱ ለሕዝብ የታየው በ2000 ነው። የድምፁ ክር ስለጠፋ ባስኪያ የሚናገረው በሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ቃላትን መሰረዙ ልማድ ሆኖ ቀጠለ። ሰው የተሰረዘን ቃል ለማንበብ ስለሚጓጓ ይበልጥ ይታያል ይል ነበር። በሥዕሎቹ ላይ ደጋግሞ የሚሥለውን ባለ ሦስት ጫፍ ዘውድ ደግሞ ለጥቁር ቦክሰኞች፣ ለጃዝ ሙዚቀኞች፣ ለቤዝቦል ተጫዋቾች ሸለመ።

በየካቲት 1981 ዲዬጎ ኮርቴዝ ያዘጋጀው «ኒው ዮርክ/ኒው ዌቭ» የተባለ ዐውደ ርዕይ ተከፈተ። ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሥራ ቀርቦ ሳለ ሰው የከበበው የባስኪያን ግድግዳ ነበር። ያየው ኢጣሊያዊ ነጋዴ ኤሚሊዮ ማዞሊ በዚያው ዓመት ግንቦት ሞዴና ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕይ አዘጋጀለት፤ የቀረበውም ገና «ሳሞ» በሚለው ስም ነበር። በታኅሣሥ ደግሞ ገጣሚው ሬኔ ሪካርድ «አርትፎረም» መጽሔት ላይ ረጅም ጽሑፍ ጻፈለት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አላረፈም።

መቼም ስለ ምድር ቤቱ የማይባል የለም። የጋለሪ ባለቤቷ አኒና ኖሴይ በ1981 መስከረም ጋለሪዋ ሥር ያለውን ምድር ቤት ለስቱዲዮ ሰጠችው። ገዢዎች ወርደው ቀለሙ ሳይደርቅ ይመርጡ ነበር። «ታስሮ የሚሥል ልጅ» የሚል ወሬ ተነዛ። ባስኪያ ነጭ ብሆን ኖሮ በተቋሙ የተጋበዘ ሠዓሊ ትሉኝ ነበር ብሎ ለጠያቂው መለሰ። በመጋቢት 1982 እዚያው የመጀመሪያውን የአሜሪካ የግል ዐውደ ርዕዩን አሳየ፤ በበጋው ጀርመን ካሰል ላይ በሚካሄደው «ዶኩሜንታ» ከተሳተፉት ሁሉ ታናሹ እሱ ነበር፤ 21 ዓመቱ።

በ1982 ማዞሊ እንደገና ሞዴና ጠራው፤ በመጋዘን ውስጥ ስምንት ግዙፍ ሸራዎች ሣለ። ነጋዴዎቹ ባለመስማማታቸው የታሰበው ዐውደ ርዕይ ሳይካሄድ ቀረ። ባስኪያ ከዓመታት በኋላ ያን ቆይታ ከፋብሪካ ጋር አመሳስሎ፣ እንደጠላውም ተናግሯል። የፋብሪካ ፈረቃ ምን እንደሆነ ለአቃቂ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስምንቱ ሥዕሎች አንድ ላይ የተሰቀሉት በ2023 ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ባለው የባየለር ሙዚየም ነው፤ ከ41 ዓመት በኋላ። ከመካከላቸው አንዱ በ2022 በ85 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

አሁን ወደ አገራችን የሚያደርስ ነገር። ባስኪያ የሚመደብበት ኒዮ-ኤክስፕሬሽኒዝም በ1970ዎቹ ሥዕልን ቁጥብና ቀዝቃዛ ላደረጉት የተሰጠ ምላሽ ነበር፤ ሰው፣ ስሜት፣ የተዝረከረከ ቀለም ወደ ሸራ ተመለሱ። መነሻው የጀርመን ኤክስፕሬሽኒዝም ነው። ከዚያ ምንጭ ቀድሞ የቀዳ ኢትዮጵያዊ አለን፤ የሐረሩ ገብረ ክርስቶስ ደስታ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል አጠና፤ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ «ጎልጎታ»ን ሣለ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀበለ። ያኔም «ይህ የፈረንጅ ነው» ያሉት አልጠፉም። በደርግ ዘመን ተሰደደ። ባስኪያ ሞዴና ላይ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕይ ባሳየበት በ1981 ገብረ ክርስቶስ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ዐረፈ። ሥራዎቹ ዛሬ በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ።

ይህንንስ ያውቁ ኖሯል? በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባልና ሚስት ሰብሳቢዎች የባስኪያን ሥዕል በነፃ እንስጣችሁ ቢሉ የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ ማስቀመጫ ቦታ እንኳ አይገባውም ብሎ መለሳቸው። ያው ሙዚየም ግን በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ የእስክንድር ቦጎሲያንን «የጁጁ ሠርግ» ገዝቶ አስቀምጧል። የእስክንድር ሥዕል የተሠራው ተቆርጦና ተቀዶ በተያያዘ ካርቶን ላይ ነው። የሞማ ሰዎች ካርቶንን ንቀው አልነበረም ማለት ነው።

ስለ ዋጋ ለሚጠይቁ፦ በ1984 ጨረታ ላይ በ19 ሺህ ዶላር የተሸጠች የ1982 ሥዕል፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ጥቁር ራስ የተሣለባት፣ በግንቦት 2017 በ110.5 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓናዊው ባለጸጋ ዩሳኩ ማኤዛዋ ተሸጠች። በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ በ2023 አንድ ሥዕሏ ኒው ዮርክ ጨረታ ላይ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶላታል። ከባስኪያ ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ይመስላል። እሷ ግን ገንዘቡ ሲቆጠር ማየት የቻለች ሠዓሊ ናት።

ገንዘብ ባለበት ፎርጅድ አይጠፋም። በሰኔ 2022 የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ፣ ኤፍቢአይ፣ ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ሙዚየም ገብቶ 25 «የባስኪያ» ሥዕሎች ወሰደ። በ1982 ካርቶን ላይ የሣላቸው ናቸው ተብለው ነበር የተሰቀሉት። አንዱን ካርቶን ገልብጠው ሲያዩት ግን የፌዴክስ ኩባንያ ማሳሰቢያ ታትሞበታል፤ ፊደሉ ደግሞ ኩባንያው በ1994 የጀመረው ነው። ባስኪያ የሞተው በ1988 ነው። በኋላ አንድ የጨረታ ነጋዴ ከግብረ አበሩ ጋር እንደሠሯቸው፣ አንዳንዱም ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዳልፈጀ አመነ። ሥዕሉን ያላጋለጡት ባለሙያዎች በካርቶኑ ጀርባ ተጋለጡ።

ሞቱን ባጭሩ፦ ነሐሴ 12 ቀን 1988፣ ዋርሆል ባከራየው ኒው ዮርክ ግሬት ጆንስ ጎዳና ላይ ባለ ቤት፣ ሄሮይን፣ በ27 ዓመቱ። አፍሪካን አንድ ጊዜ አይቷል፤ በ1986 አቢጃን ላይ ሥዕሎቹን አሳይቶ ወደ ሰሜን ኮሮጎ ድረስ ተጉዟል።

የሳሞ ጽሑፎችስ የት ደረሱ? ግድግዳዎቹ ተቀቡ፣ ፈረሱ፣ ተሸጡ። ዛሬ የምናውቃቸው በአብዛኛው ሄንሪ ፍሊንት የተባለ ሰው በ1979 ሶሆን እየዞረ ፎቶ ስላነሣቸው ነው። የእኛም የእጅ ታፔላ በባነርና በስቲከር እየተተካ ነው፤ የአቃቂና የቃሊቲ አሮጌ አጥሮችም በየጊዜው ይነሣሉ። እና አንባቢዬ፣ ስልክዎ ካሜራ ካለው፣ ዓይንዎን የያዘ ጽሑፍ ወይም የላሜራ በር ላይ የተሣለ ነገር ሲያዩ ፎቶ ያንሡት፤ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ፤ የጻፈውን ሰው ካገኙት ስሙን ይጠይቁት።